ሦስት ጥያቄ በአራት ሰዓት ተኩል፦ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ምን ዓይነት ውድድር ነው?

የጥያቄና መልስ ውድድር ሳያይ ያደገ የአገራችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የወላጆች ቀን ነው፤ ከየክፍሉ የተመረጡ ጎበዞች መድረክ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ወረቀት እየሳቡ ያነባሉ፤ ሰዓት ያዥ አለ፤ መልሱ ቶሎ ሲመጣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ አሸናፊው አንድ ደርዘን ደብተርና መዝገበ ቃላት ታቅፎ ይወርዳል። "የትምህርት ውድድር" ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ይኸው ነው፤ ብዙ ማወቅና ቶሎ መመለስ።

ስለዚህ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ "ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ለወርቅ የሚያበቃ ነጥብ አመጣ" የሚለው ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው ግር ቢለው አይገርምም። ማሽን ከሰው ቀድሞ ማስላቱ መቼ አዲስ ሆነ? ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ እንኳ ያባዛል፣ ያካፍላል። ነገሩ ዜና የሆነው ፈተናው የስሌት ፈተና ስላልሆነ ነው። ታዲያ የምን ፈተና ነው? ከዚህ በታች የማብራራው ይህንን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሎምፒያድ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ የሚደረግ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ የሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። የፊዚክሱ በ1967 ዋርሶ ላይ፣ የኬሚስትሪው በ1968 ፕራግ ላይ፣ የኮምፒውተሩ በ1989 ቡልጋሪያ ውስጥ ተጀመረ። የሁሉም ታላቅ የሒሳቡ ነው። በ1959 ሮማኒያ ውስጥ ሲጀመር የተገኙት 7 የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ብቻ ነበሩ። በ2025 አውስትራሊያ ሰንሻይን ኮስት ላይ ሲካሄድ ግን ከ110 አገሮች የመጡ 630 ተማሪዎች ተፈትነዋል። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጀው በ2014 በኬፕ ታውን ነው። አህጉራችን የራሷም ውድድር አላት፤ የመላ አፍሪካ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ከ1987 ጀምሮ አለ።

አንድ አገር ቢበዛ 6 ተማሪዎችን ይልካል። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ አይሳተፍም። በአገር ስም ይሂዱ እንጂ እያንዳንዱ የሚፈተነው ለብቻው ነው። ፈተናው ሁለት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ 3 ጥያቄ ይሰጣል፤ ለ3ቱ የተፈቀደው ጊዜ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይበቃል።

ሒሳቡን ሥሩት። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ምርጫ የለም። የሚጠቆር ክብ የለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ይሰጣል፤ ከተማሪው የሚፈለገው ለምን እውነት እንደሆነ ምንም ቀዳዳ ሳይተው ማሳየት ነው። ይህ ማሳያ ማረጋገጫ ይባላል። የኦሎምፒያድን ነገር ለመረዳት ከዚህ ቃል በላይ የሚያስፈልግ ቃል የለም።

ጥያቄዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት የመጡ ናቸው?

አይደሉም። ካልኩለስ እንኳ አያስፈልግም። አራት መስኮች አሉ፤ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ስለ ሙሉ ቁጥሮች ጠባይ የሚያጠናው የቁጥር ንድፈ ሐሳብ፣ እንዲሁም ነገሮች በስንት መንገድ ሊደረደሩና ሊቆጠሩ እንደሚችሉ የሚመረምረው ኮምቢናቶሪክስ። ሁሉም በጎበዝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዕውቀት የሚጀመሩ ናቸው።

ነገሩን በወሬ ከማስረዳት አንዱን ጥያቄ አብረን ብንሠራው ይሻላል። በ1959 የመጀመሪያው ኦሎምፒያድ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ በቃላት ሲነገር እንዲህ ነው፦

አንድ ሙሉ ቁጥር አስቡ፤ የፈለጋችሁትን። በ21 አባዙትና 4 ጨምሩበት፤ ይህ ላዕል ይሁን። ያንኑ ቁጥር በ14 አባዙትና 3 ጨምሩበት፤ ይህ ታህት ይሁን። የሚገኘው ክፍልፋይ ፈጽሞ ሊቃለል እንደማይችል አረጋግጡ።

ማቃለል ማለት 6/8ን ወደ 3/4 እንደማሳጠር ነው። እንሞክረው። ያሰብነው ቁጥር 1 ከሆነ 25/17 ይመጣል፤ አይቃለልም። 2 ከሆነ 46/31፤ አይቃለልም። 10 ከሆነ 214/143፤ ይህም እንቢ ይላል።

እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባል ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አሥር ቁጥር ይሞክርና "እውነት ነው" ብሎ ይጽፋል። ሺህ ቁጥር ቢሞክርም ማረጋገጫ አይሆንለትም፤ ቁጥር አያልቅምና፤ ሺህ አንደኛው ላይ ቢፈርስስ? ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሆን ምክንያት ያስፈልጋል።

ምክንያቱን ገበያ እንፈልገው። እህል በጣሳ የምትሰፍር ሴት አለች እንበል። ጣሳዋ አንዱን ከረጢት ጤፍ ሳይጎድል ሳይተርፍ ከሰፈረ፣ ሌላውንም ከረጢት ልክ ከሰፈረ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትም ልክ ይሰፍረዋል። ወደ ሒሳቡ ስንመለስ የጋራ አካፋይ የሚባለው ይህ ጣሳ ነው፤ ክፍልፋይ የሚቃለለው ላዕሉንና ታህቱን ልክ የሚሰፍር፣ ከ1 የሚበልጥ ጣሳ ሲገኝ ነው።

አሁን ላዕሉን በ2 አባዙት። ያሰባችሁት ቁጥር 42 ጊዜ፣ ሲደመር 8 ይሆናል። ታህቱን በ3 አባዙት። ያው ቁጥር 42 ጊዜ፣ ሲደመር 9 ይሆናል። ልዩነታቸው 1 ብቻ! አንድን ከረጢት የሚሰፍር ጣሳ ሁለት እንደሱ ያለውንም ሦስት እንደሱ ያለውንም ይሰፍራል፤ እንግዲያው ልዩነታቸውን፣ ማለትም 1ን ልክ መስፈር አለበት። 1ን ልክ የሚሰፍር ሙሉ ቁጥር ደግሞ ራሱ 1 ነው። ስለዚህ ክፍልፋዩ አይቃለልም። የትኛውም ቁጥር ቢታሰብ አይቃለልም። ሺህ ጊዜ ከመሞከር አንድ ጊዜ ማየት በለጠ ማለት ነው።

ከማባዛትና ከመቀነስ በቀር የተጠቀምንበት ዕውቀት የለም። አስቸጋሪው "በ2 አባዛ፣ በ3 አባዛ" የሚለውን ማየቱ ነው፤ ለዚያ ቀመር የለውም። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከዚህ እጅግ የከበዱ ናቸው፤ ዝርያቸው ግን ይኸው ነው።

ጥያቄውን ማን ያወጣል? ማንስ ያርማል?

ጥያቄዎቹ የሚመጡት ከተሳታፊ አገሮች ነው። አዘጋጁ አገር የራሱን አያቀርብም፤ የተላኩትን አጣርቶ ዝርዝር ያሰናዳል። የየአገሩ ቡድን መሪዎች ከተማሪዎቻቸው ቀድመው ይደርሱና ተወያይተው በድምፅ 6ቱን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ ፈተናው እስኪያልቅ ከልጆቻቸው ጋር እንዳይገናኙ ይደረጋል፤ ልጆቹን የሚይዘው ምክትሉ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የቋንቋው ነገር ነው። ተማሪ የሚፈተነው በራሱ ቋንቋ ነው። መሪው ጥያቄዎቹን ወደ ልጆቹ ቋንቋ ይተረጉማል፤ ልጁም መልሱን በሚመቸው ቋንቋ ይጽፋል። አንድ ኮሪያዊ ልጅ በኮሪያኛ የጻፈውን አውስትራሊያዊው አራሚ እንዴት ያነበዋል? መሪው ከአራሚዎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የልጁን ጽሑፍ መስመር በመስመር እያሳየ ያስረዳል፤ አራሚዎቹም ይጠይቁታል፣ ይሞግቱታል። በነጥቡ ላይ ተስማምተው ይለያያሉ።

ይህን ሳስብ የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። የቅኔ ተማሪ ገለል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወይም እየተንጎራደደ፣ ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል። ማንም አያጣድፈውም። ሲሞላለት ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ያሳዩታል፣ የሰበረውን ያርሙለታል። የሚመዘነው ሥራው ነው። ኦሎምፒያድ ከመድረኩ የጥያቄና መልስ ውድድር ይልቅ የሚቀርበው ለቅኔ ቤቱ ነው፤ እንግዲህ ባህሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

19 ከ42 አምጥቶ ይሸለማል ወይ?

አዎ። ይህን በተለይ ወላጆች ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 42 ነው። ሜዳሊያ የሚያገኙት ቢበዛ ግማሹ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በ1፣ በ2 እና በ3 እጅ ይከፋፈላሉ፤ ከ12 ተወዳዳሪ 1 ያህሉ ወርቅ ይወስዳል እንደማለት ነው። ሜዳሊያ ሳያገኝ አንዱን ጥያቄ ከነሙሉ ማረጋገጫው የሠራ ልጅ የክብር ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በ2025 ወርቅ የጀመረው ከ35፣ ብር ከ28፣ ነሐስ ደግሞ ከ19 ነጥብ ነበር።

19 ከ42 በእኛ አቆጣጠር ከመቶ 45 ገደማ ነው። ካርዱ ላይ 45 ይዞ ቤት የሚገባ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን። እዚህ ግን ያ ልጅ ከዓለም ምርጥ ወጣት ሒሳበኞች አንዱ ነው። በክፍሉ ሁልጊዜ 98 እና 100 የለመደ ልጅ ኦሎምፒያድ ሲጀምር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "አልቻልኩም" የሚለው ነገር ያጋጥመዋል። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ባዶ ወረቀት ይዞ ይነሣል። በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ "ምነው? አንተ ጎበዝ አልነበርክም እንዴ?" የሚል ሰው ካለ ልጁ ይሰበራል፤ "እስቲ የት ድረስ እንደሄድክ አሳየኝ" የሚል ሰው ካለ በማግስቱ ይመለስበታል።

ሲፈጠር ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ብቻ ነው የሚችለው?

ያለ ዕድሜያቸው የበሰሉ ልጆች እንዳሉ አይካድም። አውስትራሊያዊው ቴረንስ ታኦ በ1986 በ10 ዓመቱ ነሐስ፣ በማግስቱ ዓመት ብር፣ በ1988 ወርቅ ወስዷል። እንዲህ ያለ ልጅ ግን በየዘመኑ ጥቂት ነው፤ ውድድሩም የተዘረጋው ለእሱ ብቻ አይደለም።

ለእኔ የበለጠ የምታስተምረው ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ ናት። ራሷ እንደተናገረችው መካከለኛ ደረጃ ስትገባ በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ደካማ ነበረች፤ ፍላጎቷም ጠፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሚያበረታታት መምህር አገኘች። በ1994 በኦሎምፒያድ 41 ከ42 አምጥታ ወርቅ ወሰደች፤ በ1995 ደግሞ 42 ከ42። በ2014 የፊልድስ ሜዳሊያን፣ በሒሳብ ዓለም ከሁሉ የሚከበረውን ሽልማት፣ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2017 በ40 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። ስለ ራሷ ስትናገር በዝግታ የምታስብ ሰው እንደሆነች ትገልጽ ነበር። "ልጄ ቶሎ አይገባውም" ለሚሉ ወላጆች ይህ ቢደርሳቸው ደስ ይለኛል።

ኦሎምፒያድ ብቸኛው መንገድም አይደለም። በ2022 የፊልድስ ሜዳሊያ የተሸለመው ጁን ሃ በወጣትነቱ ሁለተኛ ደረጃን አቋርጦ ግጥም ሊጽፍ የተነሣ ሰው ነበር፤ ሒሳብን የያዘው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ልጁ ውድድር ካልወደደ ማስገደድ አይገባም።

ገንዘብና ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል?

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ መምህር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1894 ዳንኤል አራኒ የሚባል የሃንጋሪ መምህር፣ ግየር በምትባል ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሒሳብ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በየወሩ ጥያቄ ይወጣል፤ ተማሪዎች ሠርተው በፖስታ ይልካሉ፤ ጥሩዎቹ መልሶች ከነላኪዎቹ ስም ይታተማሉ። በዚያው ዓመት በሃንጋሪ ለሁለተኛ ደረጃ ጨራሾች አገር አቀፍ የሒሳብ ውድድር ተጀመረ። የዚያች ትንሽ አገር ልጆች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሒሳብ ላይ የጣሉት አሻራ ከሕዝቧ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። መጽሔቱ ዛሬም ይወጣል።

በየትምህርት ቤታችን ክበብ አለ፤ የሚኒ ሚዲያ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የቀይ መስቀል። የሒሳብ ክበብም በብዙ ቦታ በስም አለ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርትነት ይለወጥና ለፈተና የሚሆን ጥያቄ ሲሠራበት ይውላል። ማጠናከሪያው ጥሩ ነው፤ ሌላ ነገር መሆኑን ብቻ እንወቅ። ማጠናከሪያ ያልገባውን ልጅ ለመርዳት ነው። ከሌሎቹ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ጨርሶ በመስኮት የሚያየውን ልጅ ግን ማንም አያስታውሰውም፤ ዝም ስላለ ችግር የለበትም ይባላል። የዚያ ልጅ ረሃብም ረሃብ ነው።

ለእሱ የሚያስፈልገው ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍ አንድ ጥያቄና ዓርብ ከሰዓት የአንድ ሰዓት ጊዜ ነው። ዓርብ ልጆቹ በተራ ጠመኔ ይዘው ሐሳባቸውን ያስረዳሉ፤ ሌሎቹ ቀዳዳ ይፈልጉበታል። መምህሩ መልሱን ባያውቁትም ግድ የለም፤ አብረው ቢፈልጉ እንዲያውም ይሻላል። ከ1959 ጀምሮ የተሰጡት ጥያቄዎች በሙሉ በውድድሩ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። እነዚያ ከከበዱ ለጀማሪ የሚሆኑ የየአገሩ የመጀመሪያ ዙር ጥያቄዎች ሞልተዋል።

አሜሪካ ላሉ ወላጆች መንገዱ የት ይጀምራል?

እዚያ መሰላሉ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው እርከን ኤ.ኤም.ሲ 10 እና ኤ.ኤም.ሲ 12 ይባላል፤ አንዱ እስከ 10ኛ፣ ሌላው እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ። 25 የምርጫ ጥያቄ በ75 ደቂቃ ይሠራል፤ በኅዳር ወር ገደማ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ወደ ኤ.አይ.ኤም.ኢ ያልፋሉ፤ በ3 ሰዓት 15 ጥያቄ፣ ምርጫ የሌለው፣ መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ያለው የአገሪቱ ኦሎምፒያድ እንደ ዓለም አቀፉ በ2 ቀን 6 የማረጋገጫ ጥያቄ ይዟል።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር ቢኖር የመጀመሪያው እርከን ጥሪ ካርድ እንደማይልክ ነው። ትምህርት ቤቱ ካላስመዘገበ ልጁ ውድድሩ መኖሩን እንኳ ሳይሰማ 12ኛን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ለሒሳብ መምህሩ ወይም ለአማካሪው "ኤ.ኤም.ሲ እዚህ ይሰጣል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ካልተሰጠ በቅርብ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ሊቀበል ይችላል።

ማሽኑ ከቻለው ልጆቹ ለምን ይለፋሉ?

ወደ ዜናው እንመለስ። በ2024 ጉግል ዲፕማይንድ (የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል) የሠራው ሥርዓት 28 ከ42 አምጥቶ ከወርቅ በ1 ነጥብ ጎደለ። በ2025 ደግሞ የጉግል ዲፕማይንድና ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ሞዴሎች እያንዳንዳቸው 35 አመጡ። የጉግሉን ያረሙት የውድድሩ አራሚዎች ሲሆኑ፣ የኦፕንኤአይን ያረሙት ኩባንያው ራሱ የጠራቸው የቀድሞ ሜዳሊያ ተሸላሚዎች ናቸው። ሁለቱም 5ቱን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ሠርተው 6ኛው ላይ ቆሙ።

6ኛው ጥያቄ ርዝመቱም ወርዱም 2025 የሆነ፣ በእኩል ካሬ የተከፈለ ሰሌዳ ነበር። በላዩ አራት ማዕዘን ምንጣፎች ይነጠፋሉ፤ ምንጣፎቹ አይደራረቡም፤ በእያንዳንዱ ረድፍና በእያንዳንዱ ዓምድ ልክ አንድ ካሬ ብቻ ሳይሸፈን መቅረት አለበት። ቢያንስ ስንት ምንጣፍ ያስፈልጋል? መልሱ 2112 ነው። በዚያ ዓመት 5 ተማሪዎች ይህንኑ ጨምሮ ሁሉንም ሠርተው 42 ከ42 አምጥተዋል።

ማሽኖቹ እየበረቱ መሄዳቸው አይቀርም፤ 6ኛውን የመሰለ ጥያቄም አንድ ቀን ይሠሩ ይሆናል። መኪና ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ በላይ መፍጠኑ ግን አንድም ልጅ ከሩጫ አላስቀረም። አንድ ልጅ ለአራት ሰዓት ተኩል ከአንድ ሐሳብ ጋር ተቀምጦ የሚያገኘውን ነገር ማሽኑ ሊያገኝለት አይችልም።

ለመጀመር ለፈለገ፣ በ1947 በሃንጋሪ ውድድር የቀረበ አንድ ጥያቄ ልተው። ካልኩሌተርም ቀመርም አያስፈልገውም፤ ለቡና የተሰበሰቡ ስድስት ሰዎችን ማሰብ ይበቃል። ከስድስቱ መካከል ወይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት ሰዎች፣ ወይ እርስ በርስ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች የግድ ይገኛሉ። ለምን? አምስት ሰዎች ቢሆኑ ግን የግድ አይደለም። እሱስ ለምን?